በጓሮ በር የሚገቡ ወንበሮች

ስም አላት፤ ግን በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። መሥሪያ ቤቷ «መረጃ ሰብሳቢ» ይላታል፣ የምትዞርባቸው መንደሮች ደግሞ «እመት እህም» ይሏታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅጽ ታቅፋ በሰው ደጅ ስትዞር፣ ገና ሃምሳ እርምጃ ሲቀራት «እህም! እህም!» ብላ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ከዚያ ጎንበስ ትልና የጫማዋን ማሰሪያ ፈትታ እንደገና ታስራለች። ማሰሪያው ተፈትቶባት አይደለም፤ ራሷ ናት የምትፈታው። መጀመሪያ የቀኙን፣ ቀጥሎ የግራውን። ቸኩላ አታውቅም።

ጉሮሮዋ ታሞም አይደለም። በተራራማዋ አገሯ ባዶ ቤት ለቆጣሪ አይታይም። ዕቃ የሌለው ሰው ቆጣሪ ሲመጣበት ካለው ጎረቤት ይዋሳል፤ ወንበሩ፣ ሬዲዮኑ፣ የግድግዳ ሰዓቱ በጓሮ በር ይገባል። እሷ በፊት ለፊት በር ትገባለች፣ ትቀመጣለች፣ ትጠይቃለች፣ ያየችውን ትጽፋለች። ስትወጣ ዕቃው በጓሮ በር ወጥቶ፣ በጉሙ ውስጥ ለውስጥ፣ ወደሚቀጥለው ቤት ይቀድማታል። አንዳንድ ጠዋት ጉሙ ሳሳ ሲል፣ አራት እግሩን ወደ ሰማይ አንስቶ ዳገቱን ብቻውን የሚወጣ ወንበር ታያለች፤ ተሸካሚው በጉም ተውጦ አይታይም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት አንገቷን ወደ ጫማዋ ትመልሳለች።

የመሥሪያ ቤቱ ደንብ «ያዩትን ብቻ ይጻፉ» ይላል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያላየችውን አንድ ነገር እንኳ ጽፋ አታውቅም፤ በዚህም ትኮራለች። ይህ ታማኝነት ነው ወይስ ተባባሪነት ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ባዶ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይቆጠርና ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ከተራራዎቹ ወዲያ፣ ሜዳውንም ባሕሩንም ከተሻገሩ በኋላ፣ ሌላ ትንሽ አገር አለች፤ ደሴት ናት። ሁለቱ አገሮች ከትንሽነታቸው በቀር የሚያመሳስላቸው የለም። አንዷ ድንጋይና ጉም ናት፣ ሌላዋ አሸዋና ብርሃን። በአንዷ ሰው ውኃ ለመቅዳት ገደል ይወርዳል፣ በሌላዋ ውኃው ራሱ በቧንቧ ወደ ሰው ይመጣል። የትኛዋ ተሽላ ትኖራለች የሚለው ክርክር በየስብሰባው ሲነሳ ሲወድቅ ስለኖረ፣ ሁለቱ መንግሥታት የጋራ መሥሪያ ቤት ከፈቱና አንድ ብልሃት አመጡ። የራሱን አገር የሚቆጥር ሰው ማዳላቱ አይቀርምና ቆጣሪዎቹ አገር ይለዋወጡ ተባለ። ቤትም ይለዋወጡ፤ አንዷ በሌላዋ አልጋ ትተኛ፣ ከሌላዋ ወላጅ ጋር ትሰንብት። ቅጹ አንድ ዓይነት ነው፣ አርባ ጥያቄ አለው፤ ከዚያ ሁሉ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዷ አገር ከመቶ የሚታሰብ አንድ ቁጥር ይወጣል።

ለእመት እህም ሌላም ነገር ተነገራት። ሥራው ሲያልቅ ከፈለገች ደሴቷ ላይ በኃላፊነት ትቀራለች፤ መብራትና ቧንቧ ያለው ቤት ይሰጣታል፣ ያውም ከሐኪም ቤቱ አጥር ጎን። ሐኪም ቤቱ የዓይን ክፍል አለው። አባቷ ዓይናቸው መድከም ከጀመረ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር፣ በተራራው ላይ ደግሞ ለዓይን የሚደረግ ነገር ቢኖር ዓይንን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ ብቻ ነው።

አባቷ ግን ተራራዎን ይልቀቁ ቢሏቸው የሚለቁ ሰው አይደሉም።

«ስለ ዓይኔ ምን አስጨነቀሽ?» አሉ፣ ግድግዳውን እያዩ፤ እሷ የቆመችው በሌላው በኩል ነበር። «መንገዱን እግሬ ያውቀዋል። ሰዉን በድምፁ አውቀዋለሁ። ሌላ ምን የሚታይ አለና ነው?»

«እኔ ስሄድ ማን ያይዎታል?»

«ሰፊው አለ አይደለም እንዴ? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል።» ሰፊው ከጓሮ አጥራቸው ማዶ ልብስ የሚሰፋ ጎረቤት ነው፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ከነጋ እስኪመሽ ይሰማል።

«አባባ፣ እዚያ ይሻልዎታል።»

«ማን አይቶ መጣ?»

«እኔ ሄጄ አያለሁ።»

አባቷ እጃቸውን ወደ ድምፅዋ ዘረጉ። «እንግዲያው እንወራረድ። ሁለቱም አገር ይቆጠር። ያቺ ደሴት ከበለጠች ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ እመጣለሁ፤ አንድ ቃል አልመልስም። የኔ ተራራ ከበለጠ ግን አንቺ ትመለሻለሽ፣ እዚያ እንኑር የሚል ነገር ሁለተኛ አታነሺብኝም። አንቺ በቁጥር አትዋሺም። ሌላውን አላውቅም እንጂ በዚህ አምንሻለሁ።»

«እሺ፣ ተወራርደናል» ብላ እጃቸውን ጨበጠች፤ በሆዷ ግን ትስቅ ነበር። ቧንቧና ባልዲ ተወዳድረው ማን እንደሚያሸንፍ ለማወቅ መቁጠርም አያስፈልግ ብላ ነው።

የደሴቷን ቆጣሪ ያገኘቻት በጀልባው ጣቢያ ነው፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ። ቀጭን ሴት ናት፤ ስትራመድ እግሯ ድምፅ ስለሌለው አገሬው «ድመት» ይላታል። ሁለቱ ሴቶች አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የቤት ቁልፍ ተለዋወጡ።

«እናቴ ጋ ሆነሽ አገሬን ስትዞሪ» አለች ድመት፣ «ጫማሽን ከሩቅ አውልቂ።»

እመት እህም ነገሩ ስለ ወለል ንጽሕና መሰላት። «አንቺም አባቴ ጋ ስትደርሺ» አለች በተራዋ፣ «ከሩቅ ጉሮሮሽን ጥረጊ።»

ድመት ደግሞ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ እንዳይደነግጡ መሰላት። እንዲህ አድርገው ሁለቱም ትልቁን የሙያ ምስጢራቸውን ተሰጣጡና፣ ሁለቱም ሳይገባቸው ተለያዩ።

ደሴቷ ላይ ብርሃኑ ነጭ ነው። ከሰማይ ብቻ አይመጣም፣ ከአሸዋውም ከግድግዳውም ከውኃውም ይመጣል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እመት እህም ዓይኗን ጨፍና እንኳ ያየች ይመስላት ነበር። መንገዶቹ ደልዳሎች ናቸው፤ ሰው ሲሄድ አያለከልክም፣ ስለዚህ ሲያወራም ይሄዳል፣ ሲዘፍንም ይሄዳል። እሷም ቅጿን ታቅፋ፣ እንደ ልማዷ፣ ከየቤቱ ሃምሳ እርምጃ ሲቀራት «እህም! እህም!» ትላለች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን ትፈታለች፣ ታስራለች። ከዚያ ትገባለች።

በገባችበት ቤት ሁሉ ዕቃው ነጭ ጨርቅ ለብሶ ይጠብቃታል። ረጅም ነገር፣ አጭር ነገር፣ ጥጉ ጋ ድቡልቡል ያለ ነገር፤ ሁሉም የተኛ ይመስላል። ባለቤቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ ግንባራቸው ላብ አቸፍችፎ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ሙቀቱ ነው ትላለች በልቧ፤ ምስኪኖች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች አንድ ቀን አንድ ዓሣ አስጋሪ ቤት ገብታ። ከጨርቁ ሥር እዝዝዝ የሚል ድምፅ ይወጣ ነበር።

«ጠረጴዛ ነው።»

«ድምፅ አለው እኮ።»

«ባሕሩ ነው።»

«ባሕሩ በዚያ በኩል አይደለም እንዴ?»

«ነው» አለ ሰውየው ዓይኑን ሳያርገበግብ። «አንዳንድ ቀን ይገባል።»

መዳፏን ጨርቁ ላይ ጣል ብታደርግ ቀዘቀዛት። ማቀዝቀዣ እንደሆነ ልቧ ያውቃል፣ ግን ዓይኗ አላየውም። የሰውን ሽፋን መግለጥ ደግሞ አገሯ ላይ ነውር ነው። «ጠረጴዛ፣ አንድ» ብላ ጻፈችና አመስግና ወጣች።

የምታድረው በድመት እናት ቤት ነው። ሁለት ክፍልና አንድ የተቆለፈ ክፍል አለው፤ ስለ ተቆለፈው አትጠይቅም፣ እሳቸውም አያነሱባትም። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ቧንቧውን ስትከፍት ውኃው እጇ ላይ ፈሰሰ። ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው። አባቷ ይህን ቢያዩ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ማየት አለመቻላቸው ትዝ አላትና፣ ድምፁን ቢሰሙ ብላ አረመችው።

የድመት እናት ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ መስኮት ሥር ተቀምጠው የተቀደደ መረብ ይጠግናሉ። አንድ ቀን መርፌውን ሲያስገቡ አየቻቸው፤ ክሩን አንዴ ብቻ ላስ አድርገው በቀዳዳው ሰደዱት።

«እናቴ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው እንዲህ የጠራው?»

«የኔማ ተጋርዶ ነበር ልጄ። ሐኪሞቹ መጋረጃውን አንስተው ጣሉት። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀባቸውም። ሲፈቱኝ መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ክንድ ነው፤ የማን አሮጊት ክንድ ነው ብዬ ደነገጥኩ።»

ሁለቱም ሳቁ። እመት እህም ግን ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ግማሽ ቀን። ለግማሽ ቀን ሥራ አባቷ ሦስት ዓመት ግድግዳ ሲያዩ ኖረዋል።

በሰው አልጋ መተኛት የሰው ሕልም ያሳያል ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት እንጃ፣ እሷ ግን በድመት አልጋ ላይ ጋደም ባለች ቁጥር ባሕር ታያለች፣ ባሕሩ ላይ ደግሞ ጉም። በጉሙ ውስጥ ወንበሮች ተሰልፈው፣ አራት እግራቸው ወደ ላይ፣ ሳይሰምጡ ይሻገራሉ። ከኋላቸው አባቷ በውኃው ላይ ቀስ እያሉ ይመጣሉ፣ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው። ልትጠራቸው አፏን ስትከፍት የሚወጣው «እህም» ብቻ ነው። ስትነቃ ቧንቧው ጠብ ጠብ ሲል ትሰማዋለች፤ ተነስታ አጥብቃ ትዘጋዋለች፤ ውኃ እንዲህ ሲባክን ዝም ብሎ የሚተኛ ሰው ከየት አገር ነው?

በሁለተኛው ወር ከድመት ደብዳቤ መጣ።

«አባትሽ ደህና ናቸው» ይላል። «ውኃ ሲቀዱልኝ ጣታቸውን ብርጭቆው ውስጥ አስገብተው ነው፤ አንዲት ጠብታ ግን አያፈሱም። እኔ እዚህ ሥራው ግራ ገብቶኛል። አገሬ ላይ ድምፅ ሳላሰማ ደርሼ ቤቱን እንዳለ አገኘዋለሁ፤ እዚህ ግን ዳገቱ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ መንደሩ ሁሉ ከላይ ሆኖ ስመጣ ያየኛል። አንድ ሰማያዊ ወንበር አለ፣ የኋላ እግሩ በሽቦ የታሰረ። እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ቤት አይቼዋለሁ። አሥራ አንድ ጊዜ ጻፍኩት። ምን ላድርግ? አሥራ አንዱም ቤት በእርግጥ ተቀምጬበታለሁ።»

ሰማያዊውን ወንበር እመት እህም ታውቀዋለች፤ የሰፊው ነው፣ ሽቦውን ያሰሩት የራሷ አባት ናቸው። ደብዳቤውን ይዛ ብቻዋን ሳቀች፤ ለብዙ ቀን ስቃ አታውቅም ነበር። ነገሩ የት እንደሚያደርሳት ያን ጊዜ አልታያትም። የአፍ መሳቂያ የሆነ ነገር የሆድ ማቃጠያ እስኪሆን ጊዜ ይወስዳል።

ቁጥሩ የወጣው በአምስተኛው ወር ነው። ደሴቷ ላይ ያለው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ረጋ ያለ ወፍራም ሰው፣ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«ደሴቷ፣ ሃምሳ ስምንት» አለ። «ተራራማዋ አገር፣ ስልሳ አንድ።»

«ስልሳ አንድ የማን ነው?»

«የእናንተ። እኔም ገርሞኛል። ለማንኛውም ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ድመት የላከችውን የአገርሽን ቅጽ አንቺ መርምረሽ ትፈርሚበታለሽ። የማትስማሚበት ካለ ማስታወሻው ላይ አንድ መስመር ጻፊ፤ ያ ቅጽ ይሰረዛል፣ ቁጥሩም እንደገና ይወጣል። እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ አለሽ።»

ቅጾቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። የመንደሯ ነበሩ። ሰማያዊው ወንበር ከቤት ወደ ቤት እየዞረ፣ ሬዲዮኑ እየተከተለው፣ የግድግዳ ሰዓቱ ከኋላ ኋላ፤ በየገጹ ያው ሰልፍ ነው። አንድ ቤት ሲያልፍ ወረቀቱን ስታገላብጥ የእግር ኮቴ የሰማች መሰላት። ከዚያ የአባቷ ቅጽ መጣ።

የቤተሰብ ብዛት፣ ሁለት። ወንበር፣ ስድስት። ሬዲዮ፣ አንድ። የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ። መስተዋት ያለው ቁም ሣጥን፣ አንድ። ጥያቄ ሃያ ሰባት፦ ከቤተሰቡ ማየት የሚቸገር ሰው አለ? አባወራው እንደመለሱት፣ የለም።

በዚያ ቤት ውስጥ ያለውን እሷ ታውቃለች። ሁለት አልጋ፣ አንድ አግዳሚ፣ አንድ ሣጥን። ስድስት ሰው ቢመጣ አራቱ ይቆማሉ። «የለም» የምትለዋን ቃል በጣቷ ነካቻት። አንዲት መስመር፣ «ዕቃው የጎረቤት ነው» የምትል፣ ይህን ቅጽ ትሰርዘዋለች። በየቅጹ አንዳንድ መስመር ብትጽፍ ተራራው ስልሳ አንድ ቀርቶ አርባም አይሞላም፤ አባቷም ቃላቸውን ጠብቀው፣ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ይመጣሉ። ዓይናቸው ይበራል። ነገር ግን የተሰረዘ ቅጽ ምክንያቱ በባለቤቱና በጎረቤቱ ፊት ይነበባል፤ ደንብ ነው። አባቷ በአደባባይ ቆመው፣ ስድስቱም ወንበር የሰው ነው ሲባል ይሰማሉ። እንግዲህ ወይ ዓይናቸው ወይ ፊታቸው። አንዱን አድናለሁ ካለች ሌላውን ራሷ መስበሯ ነው።

ቅጾቹን ይዛ ወደ ድመት እናት ቤት ሄደች። እናትየው መረባቸው ላይ ነበሩ።

«እናቴ» አለች፣ ደፈር ብላ፣ «እዚህ አገር ሰው ዕቃውን ለምን ይሸፍናል?»

መርፌያቸውን አቆሙ። «በአያቶቻችን ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ ጀልባ ቆጠረ። በዓመቱ ተመልሶ ከሦስት አንዱን ወሰደ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ልጄ። ከዚያ ወዲህ ቆጣሪ ሲመጣ እንሸፍናለን።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «የኔዋ ድመት ግን ክፉ ናት። ጫማዋን አውልቃ ትመጣና አንዱን እንኳ ሳንሸፍን በራችን ላይ ትቆማለች። አንቺ ግን ደግ ሰው ነሽ። ሃምሳ እርምጃ ሲቀርሽ ትጠሪናለሽ። አንቺ ጫማሽን እስክታስሪ ማቀዝቀዣውን አልብሰን፣ ወንበሩን ጓዳ ከተን፣ ትንፋሻችንን ሰብስበን እንጠብቅሻለን። እንደ አንቺ ያለ ቆጣሪ መጥቶልን አያውቅም።»

እመት እህም መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። አምስት ወር ሙሉ፣ በየደጁ፣ የገዛ አባቷን ዓይን በገዛ የጫማ ማሰሪያዋ ስታስር ኖራለች። ትስቅ ይሁን ታልቅስ አላወቀችም፤ ሁለቱም በአንድ ላይ መጡባት። ውርርዱን፣ የአባቷን ዓይን፣ ሃያ ሰባተኛውን ጥያቄ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው።

የድመት እናት እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ተነስተው ከአንገታቸው ቁልፍ አወጡና የተቆለፈውን ክፍል ከፈቱት። ውስጡ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሰፊ ነገር አለ። ጨርቁን ገፈፉት፤ የተነጠፈ አልጋ ነው፣ ትራሱ ከነድቡልቡልነቱ።

«ይሄን አልጋ ጽፈሽዋል?»

«አላየሁትማ።»

«እንግዲያው የለም። በሌለ አልጋ ላይ የሚተኛን ሰው ደግሞ ማን ይቆጥረዋል? ሽማግሌውን አምጪልኝ።»

ያን ጊዜ ከቅጹ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለው ደንብ ትዝ አላት፤ ሠላሳ ዓመት ለሰው ስታነበው ኖራለች። «ከስድስት ወር በታች የቆየ ሰው እንግዳ ነው፤ በነዋሪነት አይቆጠርም።» መጥቶ መኖርና መጥቶ መመለስ አንድ አይደሉም። ውርርዱም ስለ መኖር ነበር እንጂ ስለ እንግድነት ማንም አላነሳም።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ቅጽ ፈረመች። ማስታወሻው ላይ አንድ ነጥብ አልጣለችም።

«ምንም የለሽም?» አለ ኃላፊው።

«ያየችውን ነው የጻፈችው።»

«ቤቱስ? ኃላፊነቱስ?»

«በውርርድ ተረትቻለሁ» አለች። «ወደ አገሬ ነኝ።»

መንደሯ የደረሰችው ረፋድ ላይ ነው፤ ጉሙ ግን እንዲህ ወፍሮ አይታ አታውቅም። ዳገቱን ስትወጣ ማንም ከላይ ሆኖ አላያትም። ዕድሜዋን ሙሉ ጉሮሮዋን ሳትጠርግ ሰው ደጅ ደርሳ አታውቅም፤ የዛሬው ግን የራሷ ቤት ነው፣ አልታሰባትም። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጋው ቆመች።

ድመት ሥራዋን ጨርሳ ወደ አገሯ ሄዳለች፤ ቤቱ ባዶ ነበር። ሁለት አልጋ፣ አንድ አግዳሚ፣ አንድ ሣጥን። አባቷ በክፍሉ መሐል እየሄዱ ነው። ቀጥ ብለው አልሄዱም፤ ወደ ግራ ዞር አሉ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ፣ ምንም በሌለበት ቦታ ላይ ጉልበታቸውን እየጠበቁ። ቆይቶ ነው የገባት። በወንበሮቹ መሐል ነበር የሚያልፉት። ወንበሮቹ ከሄዱ ወራት አልፈዋል፣ እሳቸው ግን ቤቱን እንደተቆጠረበት ቀን አድርገው በልባቸው ይዘውታል።

አባባ ልትል ነበር፤ ዋጠችው። እግሯን እንደ ድመት አንስታ ወደ ኋላ ወጣች። ቆጠረች፣ ሃምሳ እርምጃ። ከዚያ ጉም ውስጥ ቆማ፣ ባላት ኃይል «እህም! እህም!» አለች። ጎንበስ ብላ የቀኙን ፈታች፣ አሰረች። የግራውን ፈታች፣ አሰረች። የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። ከጓሮ በኩል የሩጫ ኮቴ ሰማች፣ እንጨት ከእንጨት ሲጋጭ፣ አንድ ሰው «ቀስ፣ እግሩን!» ሲል። የቀኙን እንደገና ፈታች፤ ዛሬ ለዚህ ማሰሪያ የቀኑ ርዝመት አይበቃውም።

ስትገባ ስድስት ወንበር አለ። ሰፊው ጥጉ ጋ ቆሞ፣ መለኪያው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ትንፋሹን ይሰበስባል።

«እንዲያው ሰላም ልል ብቅ ብዬ ነው» አለ።

አባቷ እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ዳሰሱ፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን። «ከሳሽ» አሉ። «ቁጥሩስ?»

«ስልሳ አንድ ለሃምሳ ስምንት። እርስዎ አሸንፈዋል። ተመልሻለሁ።»

አባቷ ቀና አሉ፤ ደስታቸው ግን ብዙ አልቆየም። ሰማያዊው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ በሽቦ የታሰረው እግር ጢጥ አለ። «ቅጼን አየሽው?»

«አየሁት።»

«ሁሉንም?»

«ሃያ ሰባተኛውንም።»

ሰፊው መለኪያውን መጠቅለል ጀመረ።

«ወንበሩን አዋሱኝ» አሉ አባቷ። «ሬዲዮኑን አዋሱኝ፣ ሰዓቱን አዋሱኝ። ዓይን የሚያውሰኝ ግን ከየት ይመጣል? እሱን ብቻ ከራሴ ዋሸሁ።»

አጠገባቸው ተንበርክካ ነገረቻቸው፤ ስለ ግማሽ ቀኑ፣ ስለ ስድስት ወሩ ደንብ፣ ስለማይቆጠር እንግዳና ስለሌለው አልጋ። ነገሩ አልጋው ጋ ሲደርስ አባቷ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉ።

«ውርርዱ ስለ መኖር ነበር፤ ሄደው ይመለሳሉ ካልሽኝ እሄዳለሁ። ግን አንድ ነገር እፈራለሁ።» ድምፃቸው ወረደ። «ዓይኔ በርቶ ስመለስ ይህን ቤት አየዋለሁ። እኔ በልቤ ሞልቼ ነው የያዝኩት።»

ሰፊው ወለሉን አየ። እመት እህም ክፍሉን ዞር ብላ አየች፣ አንድ በአንድ።

«ስድስት ወንበር አለ» አለች።

«ያየሽውን ነው?»

«አባባ፣ ያላየሁትን ተናግሬ አውቃለሁ?»

አባቷ ተነሱ፤ በወንበሮቹ መሐል፣ አንዱንም ሳይነኩ፣ ወደ አልጋቸው ሄደው ብርድ ልብሱን መጠቅለል ጀመሩ። ሰፊው ቀስ ብሎ ወደ እሷ ጠጋ አለና በጆሮዋ ተናገረ።

«ስትመለሱ ግን» አላት፣ «ከዳገቱ ሥር ጀምረሽ እህም በይ።»

ዓይናቸው ይድከም እንጂ ጆሯቸው እንደ ድሮው ነው። አባቷ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ብርድ ልብሱን በገመድ እያሰሩ፣ «አይዞህ» አሉት። «እኔም ጫማዬን ቀስ ብዬ ነው የማስረው።»